ኮቱን አትቁረጪው

ቆሰበር፣ ኅዳር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለመሪማ፣ መተማ ዮሐንስ፤

ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ሱሀይልስ፣ ያ የማይረባ ወገብሽስ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ይመስገነው። ጆሮሽ ተሻለሽ ወይ ላልሽኝ፣ ቀኙ ጨርሶ ተዘግቷል፤ በግራው ደግሞ ሰው ሲጮህብኝ ብቻ ትንሽ ይሰማኛል። ስለዚህ በስልክ አትድከሚ። ባለፈው ስትደውዪ ጎረቤቴ ምህረቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋልኝ "እሺ፣ እሺ" ስልሽ ነበር እንጂ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ምን እንደፈቀድኩልሽ እንጃ! ወንድምሽ ሸዕባን ዕቃ ጭኖ መመላለሱ ካልቀረ በእሱ እጅ መጻጻፍ ይሻለናል። የመሠረተ ትምህርት ፊደሌ እንደሆነ አልከዳኝም።

ማኅበራችን አለ። አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት እኔ ቤት እንሰበሰባለን፤ በዓል ከዋለበት በቀር ማንም አትቀርም። እያንዳንዷ ከየሣጥኗ ሥር ያከማቸችውን ጨርቅ ይዛ ትመጣለች፤ የተረፈ አቡጀዲ፣ ያረጀ ቀሚስ፣ የመጋረጃ ቁራጭ፣ ልብስ ሰፊ የጣለው ሁሉ። አንቺ እዚህ የነበረውን ሱቅሽን ስትዘጊ የተውሽልን ማዳበሪያ ሙሉ ቁራጭ ገና አላለቀም። እራፊውን በእራፊ ላይ እየቀጠልን፣ ገበር እያገባን፣ መሐሉን ጥጥ እየሞላን ብርድ ልብስ እናወጣለን። ሰፈሩ "ማኅበረ ድሪቶ" ብሎ አውጥቶልናል። ይበሉ! የቆሰበር ጉም ሲወርድ ማን እንደሚንቀጠቀጥ እናያለን።

ሣጥኑን ከፈትሽው ወይ ላልሽኝ፣ ከፈትኩት። ልጄ ይሄነው ከሄደ ወዲህ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። ስከፍተው ብል ገብቶበታል፤ ያን አመድማ ሹራቡን አንገቱን በልቶታል። የምረቃ ኮቱ ግን ደህና ነው፤ ለምን ጥሎት እንደሄደ ነግሮሽ ነበር ወይ? ቁጭ ብዬ አለቀስኩና ስጨርስ ተናደድኩ። ምህረቴ "መልሰሽ ዝጊው፤ ሲመጣ ይለብሰዋል" አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ያገራችንን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ከእኛ ጋር ስንት ልቅሶ ደርሰሻል። የሞተ ሰው ልብሱ ሳይነካ ይቀመጥና፣ ሬሳው ባይገኝ እንኳ ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀስበታል። ታዲያ እኔ የልጄን ልብስ ሙሉውን ቆልፌ የምቀመጥ ምን ልጠብቅ ነው? ልቅሶውን? አላደርገውም! የሚቆረጥ በሕይወት ያለ ሰው ልብስ ነው። ቆራርጬ ብርድ ልብስ እሰፋለታለሁ። የሚሄድበት አገር ከእኛም የባሰ ብርድ ነው ይላሉ።

አንቺ የድንበሩ በር ላይ ነሽ። ልጄ ከዚህ ሲወጣ የመጨረሻውን እራት የበላ በአንቺ እጅ ነው። ያን ሁሉ ተምሮ፣ የመኪና ሙያ ተመርቆ፣ የሰው ባጃጅ ሲነዳ መዋል መረረውና ሄደ፤ እኔም አልፈረድኩበትም። ከካርቱም "ወደ ሊቢያ ልንነሣ ነው" ብሎ በምህረቴ ስልክ ካስነገረኝ ወዲህ ግን ድምፁ የለም። ከዚያ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ ጠይቂልኝ። ሌላ የምለምንሽ የለኝም።

እህትሽ ደጊቱ


መተማ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለደጊቱዬ፣ ለደንቆሮዋ እህቴ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን። "እሺ፣ እሺ" ያልሽውን ልንገርሽ? "ያን ለሠርግሽ የገዛሽውን አረንጓዴ ጨርቅ ትሰጪኛለሽ ወይ?" ብዬሽ ነበር። ፈቅደሻል፤ ምህረቴም ምስክር ናት። በሸዕባን ላኪው።

እዚህ አገር የእኛ ሥራ መሳቂያ ነው። ሰው አንሶላውን እንኳ ገፍቶ ደጅ ነው የሚያድረው። እኔ ሱቁ በረንዳ ላይ ላቤን እየጠረግሁ ድሪቶ ስሰፋ ያየኝ ሁሉ "ይቺ ሴት ብርድ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሰማች እንዴ?" ይላል። ጎረቤቴን ሰልዋን መርፌ ላስይዛት ብሞክር "ለማን ሬሳ ነው?" ብላ ጥላኝ ሄደች። የማክሰኞዋ ወሬ ናት የናፈቀችኝ። የማዋራው ሰው እንዳላጣ፣ መሐሉን ቀይ፣ ዳር ዳሩን አመድማ አድርጌ ስሰፋ እናንተን አስባለሁ። ምህረቴ ብታየው "ጠማማ ነው፤ ፍቺው" ትለኝ ነበር።

የልብሱን ነገር ሳነብ ወላሂ ደስ አለኝ። ቁረጪው! እንኳን ብል በላው፤ እጅሽ ተፈታልሽ። ገበሩን ወፍራም አድርጊው፤ ጥጡን ደግሞ አትሰስቺ። በእግሩ በኩል አስረዝሚው፤ ልጁ ረጅም ነው። እኔ ቤት ያደረ ዕለት እግሩ ከአልጋው ወጥቶ በርጩማ ነው ያስደገፍኩት። ኮቱንስ ለምን ጥሎት ሄደ ላልሽኝ፣ እኔም ይህንኑ ጠይቄው ነበር። "በበረሃ ላይ የምረቃ ኮት ለብሼ ልሙት እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከእኔ ሱቅ የወጣ ሱፍ መሆኑን ስነግረው ደግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጨዋ ልጅ አሳድገሻል።

ጠይቄአለሁ። ፎቶውን ይዤ መናኸሪያ እወርዳለሁ፤ የሚመለሱት እግራቸው ቆስሎ፣ ከንፈራቸው ደርቆ ነው፤ ውኃ እሰጥና አሳያቸዋለሁ። ያየው የለም። ያየው የለም ማለት ክፉውንም ያየበት የለም ማለት ነውና በዚያ ተጽናኚ።

መሪማ


ቆሰበር፣ ጥር 27 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለመሪማ፤

እንደምን አለሽ? ሳልጽፍ ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ጥር ማለት ሰርግና ድግስ ነው፤ ብዕር ለመያዝ እንኳ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። አረንጓዴውን ልኬልሻለሁ፤ ሌባ!

ብታዪን ትስቂ ነበር። ለፈረሰኞቹ በዓል እንግዳው የሚባለው ፈረሰኛ ለፈረሱ የኮርቻ ልብስ ስፉልኝ ብሎ ለመነን። የእግዜር ፈረስ አስመሰልነው! ቀይ፣ ቢጫ፣ ያንቺ ሱቅ አበባ ጨርቅ፣ ዳሩ ላይ ዘርፍ። እንግዳው በሜዳው ላይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ "ማን ሰፋው?" አለ አሉ። እኔ አልሰማሁም፤ ምህረቴ ጣቷን ወደ እኛ ስትቀስር አየሁ እንጂ። ከዚያ ወዲህ "ማኅበረ ድሪቶ" የሚለን የለም።

ዳንግላም ሄድን። የነእመቤት የስፌት ማኅበር ጠርቶን በሚኒባስ ተጭነን፣ እራፊያችንን በየጉያችን ይዘን። እነሱ የስፌት መኪና አላቸው፤ ስፌታቸው ቀጥ ያለ ነው፤ እኛ ግን በጨርቅ እንበልጣቸዋለን። መሬቱ ላይ ዘርግተን፣ "ይህን ስጭኝ፣ ይህን ውሰጂ" እየተባባልን ስንለዋወጥ ዋልን። ምህረቴ አንዲት ሐምራዊ ቁራጭ ከእመቤት ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ሲጓተቱ፣ ምህረቴ በአገውኛ ስትሳደብ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ይሄነው ከሄደ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሲመሽ አፈርኩ።

የይሄነው ድሪቶ ደርሷል ወይ ብትዪኝ፣ እየደረሰ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን፣ የኳስ ማልያውን፣ ሹራቡን፣ ሁለቱን ሱሪዎች ቆርጫለሁ። አንዱን በቆረጥኩ ቁጥር "ይኸው አለህ" እለዋለሁ። ሌሎቹም ከእኔ ተምረው ሣጥናቸውን ከፍተዋል፤ ምህረቴ የጅዳዋን ልጇን ቀሚሶች አምጥታለች። አሁን የቀረ ኮቱ ብቻ ነው። እሱን ለመሐሉ ነው ያስቀመጥኩት፤ ደረቱ ላይ እንዲያርፍ። ለፋሲካ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ አንቺ መንገድ ትፈልጊለታለሽ።

የዳንግላዋ እመቤት አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ደርበው የሚባል የሰፈራቸው ልጅ ከይሄነው ጋር ካርቱም ላይ አብሮ ነበር ይላሉ። በአንቺ በኩል ካለፈ ያዥልኝ።

ደጊቱ


መተማ ዮሐንስ፣ የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለደጊቱ፤

ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። አሞኝ ነበር፤ ራሴን ነው። ሸዕባንም ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መጥቶ መሄዱን አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ደርበውን ላልሽኝ፣ አልፏል። በጣም ታሞ ነው የመጣ፤ ጥቂት ቀን እዚህ አስተኝቼ ሸዕባን ወደ ዳንግላ ይዞት ሄደ። ብዙም አላወራም። ታመመ ብዬሻለሁ፤ የታመመ ሰው ምን ያወራል። ጣሪያውን ሲያይ ነው የሰነበተ።

ፎቶውን አሁንም ትይዣለሽ ወይ ብትዪኝ፣ አለ፤ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰሞኑን መናኸሪያ አልወረድኩም፤ ሙቀቱ በርትቷል።

ደጊቱ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ኮቱን አትቁረጪው። ሱፍ ነው፤ ሲቆረጥ ክሩ ይተረተራል። ከጥጥ ጋርም አብሮ አይታጠብም፤ ለድሪቶ ይከብዳል። ደግሞ የምረቃው ነው። አንድ ልብስ እንኳ ሙሉውን ይቀመጥ። ለመሐሉ የሚሆን ቡናማ ካኪ እልክልሻለሁ። እህትነታችን እውነት ከሆነ ኮቱን አትቁረጪው።

ለምህረቴ ሰላም በይልኝ። ሸዕባን ሊያነጋግራት ይፈልጋል፤ የጨርቅ ጉዳይ ነው።

መሪማ


ቆሰበር፣ መጋቢት 10 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለመሪማ፤

ራስ ምታትሽ ተሻለሽ ወይ? እንዲሻልሽ እጸልያለሁ፤ ራስሽ ሲታመም ውሸት አታውቂበትም።

አንቺ ነሽ እንዴ "ሱፍ አይቆረጥም" የምትዪ? ሱፍ ያሞቃል፣ ሱፍ ቁረጡ፣ ሱፍ የሌለበት ድሪቶ ወንፊት ነው እያልሽ ጆሮአችንን ስትበዪ የኖርሽ! ምነው ያን ጊዜ በደነቆርኩ! የሟች ባለቤቴን ካባ ያስቆረጥሽኝ ማን ነው? ካኪሽ መጥቷል፤ እንደታሰረ ማድ ቤት ወርውሬዋለሁ።

ሸዕባን ምህረቴን አነጋገራት። የጨርቅ ጉዳይ ነው አልሽ፤ ምህረቴ ከዚያ ወዲያ አይኔን አታይም። ቀን በቀን ትመጣለች፤ ድንች ይዛ ትመጣለች፣ ዱቄት ይዛ ትመጣለች፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አሸክማ ትመጣለች። "ምነው፣ ደግሰሽ ልትጠሪኝ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ማክሰኞ ሲሰበሰቡም የሚስቅ የለም። አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ፤ ቀና ስል ሲያዩኝ አገኛቸዋለሁ። መቀሱን አንሥቼ ወደ ኮቱ ስሄድ ምህረቴ ከእጄ ቀማችኝ። "እሱን ተይው" አለች፤ ከከንፈሯ አነበብኩት። አንቺ ከመተማ፣ እሷ ከጎረቤት፣ ስለ አንድ ኮት።

ዳንግላ ሄድኩ፤ ብቻዬን። የደርበው እናት ደጃፉ ላይ ቆማ "ጠበል ነው ያለ" አለችኝ። ጫማው ግን በሩ ላይ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ጫማ ማየት እንዲህ ያስቀናል ብዬ አላውቅም።

ልጅ አይደለሁም፣ መሪማ። የምታውቂው ካለ ንገሪኝ። በወረቀት ንገሪኝ፤ ሌላ መንገድ የለኝም። ኮቱ እስካሁን አልተቆረጠም፤ መልስሽን እየጠበቅሁ ነው።

ደጊቱ


መተማ ዮሐንስ፣ መጋቢት 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

ደጊቱዬ፤

እንዲህ አትቆጪኝ። ሆዴ ቡቡ ነው፤ ታውቂያለሽ።

የምነግርሽ ነገር የለኝም። የለኝም ስልሽ በወረቀት የሚጻፍ የለኝም ማለቴ ነው። ዓመት በዓላችሁ ይለፍና ራሴ እመጣለሁ። ሱሀይል ፈቅዶልኛል፤ ሰልዋ ሱቁን ትጠብቅልኛለች። ወገቤስ ብትዪኝ፣ ይችለዋል፤ በጎንደር አድሬ እመጣለሁ። ስደርስ አብረን እንቀመጣለን።

እስከዚያ ምግብ ብዪ። ምህረቴ ያመጣችውን አትመልሺ። ማክሰኞንም አትቅሪ፤ ከሰው ጋር ዋይ። ኮቱንም ተይው ደጊቱዬ፤ እኔ እስክመጣ እንኳ።

መሪማ


ቆሰበር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

መሪማ፤

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ የለም። እንኳንም አልኖረ።

አትምጪ። ወገብሽን ይዘሽ በጎንደር አድረሽ ለምን እንደምትመጪ ገባኝ። ሰው ከመተማ ቆሰበር ድረስ ኮት ለማየት አይመጣም። ከበዓል በኋላ መምጣትሽም ገባኝ፤ መርዶ ከዓመት በዓል በፊት አይነገርም። ይህን ሁሉ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። የሰው ልብስ ለምን ሙሉውን እንደሚቀመጥ የነገርኩሽ እኔ፣ በገዛ እጄ በጻፍኩት ደብዳቤ። አንቺ ደግሞ አዝነሽልኝ፣ ደጊቱ የምታለቅስበት አትጣ ብለሽ፣ ኮቱን ልታተርፊልኝ ለመንሽኝ። ደግ ነሽ። ደግነትሽ ነው የገደለኝ።

ኮቱን ቆረጥኩት። ትናንት ምህረቴ ስግደት ስትሄድ በሩን ቀረቀርኩና ቆረጥኩት። በሕማማት መቀስ መያዝ ኃጢአት ከሆነ ይጻፍብኝ። እጅጌውን፣ ጀርባውን፣ አንገቱን፣ ሁሉንም በመዳፍ በመዳፍ አድርጌ በታተንኩት። አንድ ሙሉ ነገር አልቀረም። ድሪቶው መሐል ሰፍቼዋለሁ፤ አልቋል፤ ያማረ ነው።

አሁን ኑ። በምን ልታለቅሱልኝ ነው? የምትዘረጉት የሞተ ሰው ልብስ እኔ ቤት የለም። ያለ ድሪቶ ነው፤ ድሪቶ ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው ነው የሚሰፋ።

አትምጪ፣ እባክሽ። መጥተሽ የማላውቀውን አታሳውቂኝ። እስከ ዛሬ ንገሪኝ ያልኩሽን ሁሉ ተይው።

ደጊቱ


ቆሰበር፣ ግንቦት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመሪማ፤

በሰላም መግባትሽን ከሸዕባን ሰማሁ። ወገብሽን ያመመሽ በእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። "አትምጪ" ብዬሽ መምጣትሽን አልተቀየምኩም። መሬት ላይ ከእኔ ጋር ተኝተሽ፣ ስንት ቀን እህል ሳትቀምሺ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ሁላችሁም ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ በሬ ላይ ስትቆሙ እኮ አልቆልኝ ነበር። ምህረቴ አፏን ከፈተች፤ አልሰማሁም። እንዲህ ያለውን ነገር መጮህ ከብዷት ቀስ ብላ ተናገረችው መሰለኝ። "ጮክ በይ" አልኳት። ጮኸችው። ለምን አስጮህኳት? እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። እርጉም አፌ።

ድሪቶውን ዘርግታችሁ ስታለቅሱበት ተቀምጬ አየሁ። እያንዳንዷ የሰፋችውን ስፌት ታውቀዋለች፤ እጇን እዚያው ላይ እያሳረፈች ነበር የምታለቅሰው። የእኔ ግን እንባ አልመጣም። መሐሉን ስፈልግ፣ የትኛው እጅጌ የትኛው ደረት እንደሆነ ጠፋብኝ። ፊቴን የምቀብርበት አንገት እንኳ አላስቀረሁም። እውነትሽን ነበር፣ መሪማ።

ማኅበሩስ ብትዪኝ፣ ማኅበር የለም። ማክሰኞ በሬን የሚከፍት ሰው ጠፋ። ልጅ በሰው አገር ያላት ሁሉ ሣጥኗን ቆለፈች። አንዳንዶቹ "ልጇን በቁሙ ልብሱን ቆራርጣ ነው ያስበላችው" ይላሉ መሰለኝ። የነገረችኝ የለችም፤ እኔ ስመጣ አፋቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ አውቀዋለሁ። ምህረቴ ብቻ ትመጣለች፤ እሷም መርፌ አትይዝም። የዳንግላዎቹም ጨርቃችንን መልሰው ልከውልናል።

አሁን የምጠይቅሽ አለኝ። እዚህ ሳለሽ ያልጠየቅሁሽ፣ ለእኔ የሚነገር ሁሉ በጩኸት ስለሆነ ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ይሰማል። ከእኔ ጋር ምሥጢር የሚወራ በወረቀት ብቻ ነው። መርዶው ተነግሯል፤ ከእንግዲህ የምትፈሪው ነገር የለም። ደርበው ያለሽን ሁሉ ጻፊልኝ። የት ነው? እንዴት ነው? ቀበሩት ወይ? በመጨረሻ ምን አለ? ለእኔ ብለሽ አታሳጥሪው። ማር አትቀቢው።

ደጊቱ


መተማ ዮሐንስ፣ ግንቦት 23 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለደጊቱዬ፤

ረመዳን ገብቷል፤ ጾመኛ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ፤ ልዋሽሽ አልችልም።

ደርበው ያለኝ ይህ ነው። በበረሃው ወደ ሊቢያ የጫነቻቸው መኪና ትንሽ ናት፤ ሰው በሰው ላይ ነው የሚጫነው። ዳር የደረሳቸው እግራቸውን ወደ ውጭ ሰድደው፣ መሐላቸው የተሸጎጠ እንጨት ይዘው ነው የሚሄዱት። ይሄነው ዳር ነበር፤ ደርበው ከጎኑ። እንቅልፍ ካዩ ሰንብተዋል። ይሄነውን ሸለብ አደረገውና ወደቀ። ደርበው የመኪናዋን ጣሪያ ደበደበ፤ ሌሎቹም ጮኹ። ነጂው አልቆመም፤ ለአንድ ሰው አይቆሙም አለኝ። ደርበው ዞሮ ሲያይ ይሄነው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። እጁን አነሣ። ከዚያ አቧራው ሸፈነው።

ይኸው ነው። ቀበሩት ወይ ላልሽኝ፣ የቀበረው የለም። ምን አለ ላልሽኝ፣ የሰማው የለም። ሲሞት ያየውም የለም፣ ደጊቱ።

"ሞተ" ብዬ ለምህረቴ ያስነገርኩ እኔ ነኝ። ደርበው ከአፉ "ሞተ" አልወጣውም። እኔ ግን ከዚያ የሚመለሰውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ነጂዎቹንም ደላሎቹንም ጠየቅሁ። እዚያ ቦታ ወድቆ የቀረ ሰው መጣ የሚል አንድም አላገኘሁም። ውኃ የለ፣ ጥላ የለ፣ መንገድ እንኳ የለ። ይህን ብነግርሽ ዕድሜሽን ሙሉ በር በሩን እያየሽ ትኖሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ቁርጥሽን ብታውቂ ታለቅሺና ይወጣልሻል አልኩ። ለአንቺ ብዬ ቆረጥኩት።

አሁንም ሞቷል ነው የምልሽ። እመኚኝ፣ እህቴ።

መሪማ


ቆሰበር፣ ሰኔ 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለመሪማ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጾምሽን በሰላም ያስፈጽምሽ።

ተነሥቶ ቆሞ ነበር አልሽኝ። ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ቆሞ ነበር። እንግዲያስ እግሩ አልተሰበረም። እጁንም አንሥቷል። የቆመ ሰው ይራመዳል፤ ልጄ ደግሞ እግሩ ረጅም ነው።

ነጠላዬን አቅንቼዋለሁ። ምህረቴ ደብዳቤሽን አንብባ እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ መልሼ እንዳዘቀዝቀው ለመነችኝ። ለቄስ ገብረ ማርያምም ሙት ዓመት የሚባል አልደግስም ብዬ ነገርኳቸው፤ መስቀል አሳለሙኝ። ሰፈሩ አበደች ይለኝ ጀምሯል። እኔም አንዳንዴ እላለሁ። ውኃ የለም ያልሽውን ሳስብ እውነቱን አውቀዋለሁ፤ አውቀውና መልሼ ቆሞ ነበር እላለሁ። ምን ላድርግ? አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ።

ድሪቶውን ፈትቼዋለሁ። ሌላውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት፤ የኮቱን ቁራጭ ግን አንድ በአንድ ለቅሜ መልሼ እየሰፋሁት ነው። ሲመጣ የሚለብሰው የለውም። በሕማማት ተናድጄ ስለቆረጥኩት በጣም ትንንሽ ነው፤ በየስፌቱም ጨርቁ ወደ ውስጥ እየገባ ያልቃል። አሁን ስሰቅለው ኮት መስሏል፤ አንገት አለው፣ ኪስ አለው። ግን ጠቦብኛል። ላንድ ሕፃን ልጅ ቢሆን ነው። ያን ጊዜ ኮቱን የሰፋው ልብስ ሰፊ ሽባባው ዘንድ ወሰድኩት፤ "እትዬ ደጊቱ፣ ይህ አይሆንም" ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ።

ይሆናል። ከሱቅሽ ዕቃ መሐል ያ ሱፍ ተርፎሽ ከሆነ ፈልጊልኝ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ታውቂዋለሽ። ብዙ አልፈልግም፤ ለትከሻውና ለእጅጌው የሚሆን ብቻ። ክረምቱ ሳይጠና ለሸዕባን ስጪው።

ደጊቱ